በባሮኑ ስም የተጠራው ሕመም

እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 10 ቀን 1951 የወጣው ‹‹ላንሴት›› የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ሦስት ገጽ የማትሞላ አንድ ጽሑፍ ይዞ ነበር። ጸሐፊው በለንደን የሴንትራል ሚድልሴክስ ሆስፒታል ሐኪም ሪቻርድ አሸር ነው። አብዛኛው ሐኪም በሥራ ላይ ያጋጠመው፣ ግን ብዙም ያልተጻፈበት አንድ ነገር አለ ብሎ ይጀምራል። ነገሩ የሌለ በሽታ ይዘው ከሆስፒታል ሆስፒታል የሚዞሩ ሰዎች ጉዳይ ነበር።

በሽተኛው የሚመጣው በድንገተኛ ነው። የሚናገረው የሕመም ታሪክ ልብ ይሰቅላል፤ ሆኖም ሙሉ በሙሉ አያሳምንም። ሆዱ ሲገለጥ የቆዩ የቀዶ ጥገና ጠባሳዎች እዚህም እዚያም ተጋድመውበታል። የት ታክመህ ነበር ሲባል አንዴ ይቆጣል፣ አንዴ ነገር ያድበሰብሳል። ቦርሳው በየሆስፒታሉ ካርድ፣ በኢንሹራንስ ቅጽና በክስ ደብዳቤ ታጭቋል። ተረኞቹ ይሯሯጣሉ፤ ደም ይቀዳል፣ ራጅ ይነሣል፣ አንዳንዴም ሆድ ይከፈታል። የሚገኝ ነገር የለም። በመጨረሻ በሽተኛው ከሐኪምና ከነርስ ጋር ተጣልቶ፣ በራሴ ኃላፊነት ብሎ ፈርሞ ይወጣል። ብዙም ሳይቆይ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ ያንኑ ታሪክ ይዞ ይተኛል።

አሸር ሰዎቹን በሦስት ከፈላቸው፦ በሆድ ቁርጠት የሚመጡ፣ ደም እየፈሰሳቸው የሚመጡ፣ በራስ ምታት፣ በመንቀጥቀጥና ራስን በመሳት የሚመጡ። ለእያንዳንዱም ፈገግ የሚያሰኝ የላቲን ስም አወጣ። ከሁሉ በላይ ያስገረመው ግን ድርጊቱ ትርጉም ማጣቱ ነው። ከግዳጅ ለማምለጥ የሚታመም ወታደር፣ ለካሣ ብሎ የሚያነክስ ሠራተኛ የሚፈልገውን ያውቃል። እነዚህ ሰዎች ግን የሚያተርፉት ያለ ምክንያት መወጋትንና መቀደድን ብቻ ይመስል ነበር። ሊሆኑ ይችላሉ ያላቸውን ምክንያቶችም ጠቅሷል፤ የሰው ዓይን ውስጥ መግባት፣ በሐኪሞች ላይ የተያዘ ቂም፣ የአደንዛዥ መድኃኒት ፍለጋ፣ ከፖሊስ መሸሸግ፣ አለዚያም ለአንድ ሌሊት አልጋና ምግብ ማግኘት። ሰዎቹ ከሆስፒታሉ በር ውጭ ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚኖሩ፣ ማን እንደሚጠብቃቸው፣ ዝርዝሩ ብዙም አይነግረንም።

ጊዜውም መታየት አለበት። የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት የተጀመረው ጁላይ 5 ቀን 1948 ነው። ከዚያን ዕለት ወዲህ የታመመ ሰው ሆስፒታል ሲሄድ ገንዘብ አለህ ወይ የሚለው አልነበረም። የሕክምና መዝገቡ ደግሞ በዚያ ዘመን በወረቀት ተጽፎ በእያንዳንዱ ሆስፒታል ካርድ ክፍል የሚቀመጥ ነበር። ስሙን የቀየረ ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ ሌላ ወረዳ ከደረሰ አዲስ በሽተኛ ሆኖ አዲስ ካርድ ያወጣ ነበር። ይህ ሁኔታ ሕመሙን አልፈጠረውም፤ መንገዱን ግን ከፍቶለታል።

አሸር ሕመሙን ‹‹የሙንቻውሰን ሲንድረም›› አለው። ባሮን ሒሮኒሙስ ካርል ፍሪድሪሕ ፎን ሙንሽሃውዘን በ1720 በጀርመን ቦደንቨርደር በተባለች ከተማ የተወለደ ባላባት ነው። በወጣትነቱ በሩሲያ ጦር ውስጥ አገልግሎ ከቱርኮች ጋር በተደረገው ጦርነት ዘምቷል። በ1760 ገደማ ወደ ርስቱ ተመልሶ፣ እንግዶቹን ከእራት በኋላ በአደንና በጦር ሜዳ ጨዋታ የሚያዝናና ደግ አስተናጋጅ ሆነ። ጨዋታው የተጋነነ ነበር፤ ሰሚዎቹም መጋነኑን እያወቁ ይስቁ ነበር። በ1785 ሩዶልፍ ኤሪክ ራስፔ የተባለ፣ የአለቃውን የከበረ ዕቃ ሰርቆ ከጀርመን ወደ እንግሊዝ የኮበለለ ምሁር፣ በባሮኑ ስም የተረት መጽሐፍ ለንደን ላይ አሳተመ። መጽሐፉ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ጀርመንኛ ተመለሰ። ባሮኑ በሕይወት እያለ በገዛ ስሙ የዓለም ውሸታም ተባለ፤ በዚህም እጅግ አዝኖ በ1797 ሞተ። እንግዲህ አሸር ለበሽተኞቹ መጠሪያ ያደረገው ሰው ራሱ ሌላ ሰው ያልሠራውን የጫነበት፣ ስሙ የተሰረቀ ሰው ነበር።

በሽተኞቹ ከባሮኑ ጋር የሚመሳሰሉት ብዙ በመዞራቸውና የሚያወሩት አስደናቂም ሐሰትም በመሆኑ ነው፣ ይላል አሸር። ስሙ ወዲያው ያዘ። ሐኪሞች የራሳቸውን በሽተኛ በጽሑፉ ውስጥ አወቁት፤ ተመሳሳይ ታሪኮች ከየሆስፒታሉ ይወጡ ጀመር። ስሙን የተቃወሙም ነበሩ። ተቃዋሚዎቹ ያቀረቧቸው አማራጮች ግን ከዚያ የከፉ ነበሩ፤ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የሕክምና መጽሔቶች እነዚህን ሰዎች የሆስፒታል ከርታታ፣ የሆስፒታል ሱሰኛ ሲሏቸው እናገኛለን። የበሽተኛው መልክ፣ የጠባሳው ቦታና የሚጠቀምባቸው ስሞች የሰፈሩበት ማስጠንቀቂያ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይላክ ነበር። በ1979 ሁለት ሐኪሞች በብሪታንያ የሕክምና ጆርናል ላይ ከ200 ጊዜ በላይ ሆስፒታል የተኛ የአንድ ሰው ታሪክ ጻፉ። የሰውየው ዝና በኋላ በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ላይ ሰፈረ። በሕመም የሠላሳ፣ የአርባ ዓመት ዕድሜውን የጨረሰ ሰው የሩጫና የዝላይ ባለድል በሚመዘገብበት መጽሐፍ ውስጥ መግባቱ፣ ያ ዘመን ጉዳዩን እንዴት ይመለከተው እንደነበር በደንብ ያሳያል።

አሸር ራሱ ጨካኝ ሰው አልነበረም። በ1949 የታተመው ‹‹የሕክምና ሰባቱ ኃጢአቶች›› የተባለ ንግግሩ ለተማሪዎች የተሰጠ ነው፤ ከሰባቱ አንዱ ብሎ የቆጠረው በበሽተኛ ላይ መጨከንን ነበር። ሕሙማንን ያለ ምክንያት አልጋ ላይ ማስተኛት ምን ያህል እንደሚጎዳም በ1947 ጽፏል። እንዲህ ያለ አሳቢ ሐኪም ለዚህ ሕመም የመረጠው የሚያስቅ ስም መሆኑ፣ ችግሩ የአንድ ሰው ጠባይ እንዳልነበረ ያስረዳል። ሙያው ከጥንት ይዞት የመጣ ነገር ነው። ሐኪም የሚሠራው በሽተኛው በሚነግረው ላይ ተመሥርቶ ነው። የታለለ ሐኪም ያፍራል፤ ያፈረ ሐኪም ደግሞ ይቆጣል።

በሽታ ማስመሰል በራሱ ዕድሜ ጠገብ ነው። ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ በጌት ንጉሥ በአንኩስ ፊት በቀረበ ጊዜ ልጋጉን በጢሙ ላይ እያወረደ እብድ መስሎ ነፍሱን እንዳተረፈ፣ አምኖንም በኢዮናዳብ ምክር ታምሜአለሁ ብሎ ተኝቶ በትዕማር ላይ ክፉ እንደሠራ መጽሐፈ ሳሙኤል ይነግረናል። ሁለቱም ምን እንደሚፈልጉ ያውቁ ነበር። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ ያገለግል የነበረው ጋሌን ደግሞ አስመሳይን ስለ መለየት ጽፏል። ጌታው ወደ ሩቅ አገር ሊወስደው ያሰበ አንድ ባሪያ ጉልበቱ አብጦ ይቀርብለታል። ጋሌን እብጠቱ የሚያቃጥል ቅጠል ተቀብቶ የመጣ መሆኑን ጠረጠረ። ሥቃይህን ያስታግሣል ብሎ ቆዳን ከማብረድ ያለፈ ጉልበት የሌለው ቅባት ቀባው። ሰውየው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሥቃዩ ጠፋልኝ አለ፤ በዚሁ ተያዘ። ባሪያው ከአገር መውጣት ያልፈለገው የሚወዳት ሴት ስለነበረችው ነው። ጋሌን በዚህ ምርመራው ይኮራል። ጉልበቱን እስኪያቆስል ያደረሰው የባርነት ኑሮ ግን የሐኪሙ ጉዳይ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሐኪሞችን ኀፍረት አደባባይ ያወጣው የሜሪ ቶፍት ጉዳይ ነው። ሜሪ በእንግሊዝ ሰሪ አውራጃ ጎዳልሚንግ የምትኖር፣ ማንበብና መጻፍ የማታውቅ ደሃ የቀን ሠራተኛ ነበረች። በ1726 የበጋ ወራት ፅንስ ወረደባት። በዚያው መኸር ጥንቸል ወለድኩ አለች። የአካባቢው ሐኪም ጆን ሃዋርድ አመነ፤ ለለንደን ሰዎችም ጻፈ። የንጉሥ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም ናትናኤል ሴንት አንድሬ ሄዶ አየ፤ እሱም አመነ፤ መጽሐፍም አሳተመ። ሴትዮዋ ወደ ለንደን ተወሰደች። በማረፊያዋ አንድ በር ጠባቂ ጥንቸል በስውር ሊያስገባላት ሲል ተያዘ። ሰር ሪቻርድ ማኒንግሃም የተባለ የማዋለድ ሐኪም፣ እውነቱን ካልተናገርሽ ከባድ ሥቃይ ያለበት ምርመራ ይደረግብሻል ብሎ አስፈራራት። ዲሴምበር 7 ቀን ተናዘዘች። ሴንት አንድሬ መሳቂያ ሆኖ ቀረ፤ ሠዓሊው ሆጋርት ሐኪሞቹን የሚያላግጥ ሥዕል አሳተመ፤ ሜሪ ታሰረች፤ በኋላ ግን ያለ ፍርድ ተለቀቀች። ገንዘብ ታገኛለሽ ተብላ እንደነበር የእምነት ቃሏ ይናገራል፤ ስለዚህ ጉዳዩ በትክክል ዛሬ የምንለው ሕመም ነው ለማለት አይቻልም። በዚያ ሁሉ የጽሑፍ ውርጅብኝ ውስጥ ግን፣ ከጥቂት ወራት በፊት ስለወረደባት ፅንስ እንደ ኀዘን የጻፈላት ሐኪም ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ ወደ ጦር ሠፈር ገባ። ኤድንብራ የተማረው ሔክተር ጋቪን በ1843 ስለ ወታደሮችና ስለ መርከበኞች የማስመሰል በሽታ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አወጣ። ጋቪን በባዶ ሜዳ ታመምኩ በሚለውና በገዛ እጁ በሰውነቱ ላይ ቁስል ወይም እብጠት በሚፈጥረው መካከል ልዩነት አበጀ፤ የኋለኛውን የፈጠራ ሕመም አለው። የዛሬው የአእምሮ ሕክምና የሚጠቀምበት መጠሪያ ከዚሁ የመጣ ነው። የመጽሐፉ ዓላማ ግን ግልጽ ነበር፤ አታላዩን ለይቶ ወደ ሰልፉ መመለስ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ይህ አስተሳሰብ ጫፍ ደረሰ። በጀርመንና በኦስትሪያ ጦር ሆስፒታሎች የሚንቀጠቀጡ፣ መናገር ያቃታቸው፣ እግራቸው የተሳሰረ ወታደሮች በኤሌክትሪክ ንዝረት ይታከሙ ነበር፤ ይህም የሚደረገው ከሕመሙ ይልቅ ጦር ግንባሩ እንዲቀላቸው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በ1920 የቪየናው ስመ ጥር ሐኪም ዩሊየስ ቫግነር ያውሬግ በዚህ ሕክምና ተከስሶ ኮሚሽን ፊት ቀረበ። ሲግመንድ ፍሮይድ በባለሙያነት ተጠርቶ አስተያየቱን ሰጠ። የጭንቀት በሽተኞች ሁሉ አስመሳዮች ናቸው ቢባል እንኳ የሚያስመስሉት ሳያውቁት ነው፣ ሕመማቸውም ይኸው ነው የሚል ሐሳብ ነበር ያቀረበው። ቫግነር ያውሬግ ነጻ ወጣ፤ በ1927ም በሌላ ሥራው የኖቤል ሽልማት አገኘ። የፍሮይድ ሐሳብ ግን ለሁለት ሺህ ዓመት የቆየውን ጥያቄ አናወጠው። ሰውየው ይዋሻል ወይስ ታሟል ሲባል፣ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ ማለት ነበርና።

ይህ ሐሳብ ደንብ ሆኖ የተጻፈው በ1980 ነው። በዚያ ዓመት የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ባወጣው ሦስተኛው የምርመራ መመሪያ ላይ የፈጠራ ሕመም ራሱን የቻለ የአእምሮ ሕመም ሆኖ ገባ። ለገንዘብ፣ ከእስር ለማምለጥ ወይም ከግዳጅ ለመቅረት ማስመሰል ከዚህ ውጭ ነው፤ እሱ በሽታ ሳይሆን ድርጊት ነው። በፈጠራ ሕመም ግን ሰውየው ምልክቱን የሚሠራው እያወቀ ነው፤ ለምን እንደሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ ራሱም መናገር አይችልም። የሚፈልገው የበሽተኛነትን ቦታ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አበው፤ እነዚህ ሰዎች የሌለ በሽታ እያሳዩ ያለውን ይደብቃሉ።

ስሟን መጥቀስ የማያስፈልግ አንዲት የስኮትላንድ ሴት ታሪክ ይህን ከማንም በላይ ያስረዳል። ልጅነቷ በደል የበዛበት ነበር። በወጣትነቷ ከቤት ወጥታ በሆቴል የጽዳት ሠራተኝነት ከከተማ ከተማ ትዘዋወር ጀመር። አንድ ጊዜ ትርፍ አንጀቷ በእርግጥ ታሞ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። በዚያ ዋርድ ያሳለፈቻቸው ቀናት ከዚያ በፊት ያላየችው ነገር አሳዩዋት፤ ጠዋት ጠዋት ነርሷ መጥታ አንሶላዋን እያስተካከለች እንዴት አደርሽ ትላታለች። ከዚያ በኋላ ብቸኝነት ሲከብዳት ሆዴን እያለች ሆስፒታል መሄድ ያዘች። አሥራ ሁለት ዓመት ያህል በመቶ የሚቆጠሩ ሆስፒታሎችን አዳረሰች፤ 42 ጊዜ በቢላዋ ሥር ወደቀች። አብዛኛው ቀዶ ጥገና አላስፈላጊ ነበር።

ያዳናት የሐኪም ዘለፋ አይደለም። አንደኛው ቀዶ ጥገና ተበላሽቶ ለሞት ካደረሳት በኋላ መኖር እንደምትፈልግ ገባት፤ በዚያን ጊዜ መጠለያ አገኘች፤ እንድትንከባከባት አንዲት ድመት ተሰጠቻት። ድመቷን ጥላ ሆስፒታል መተኛት አልቻለችም። ለሃያ ዓመት ያህል ያለ ሐሰት ሕመም ኖረች፤ በዚህ ሕመም ከሚያዙ ሰዎች ጋርም ትጻጻፍ ነበር፤ ለሐኪሞችም ታሪኳን ነገረች። በኋላ በእውነት ሆዷን አመማት። ለንደን ውስጥ ሐኪሞች ጠባሳዋን አይተው፣ የድሮ ታሪኳን ሰምተው ችላ አሏት። ወደ አሜሪካ ተሻገረች፤ ሲያትል ውስጥ ሲመረምሯት በአንጀቷ ትልቅ ዕጢ ተገኘ። ጊዜው ግን አልፎ ነበር፤ በ1999 ሞተች። የውሸታም ስም የወጣለት ሕመም በእውነተኛ ሕመም ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲህ ያለ ነው።

የባሮኑ ስም ከዚህም ወደ ከበደ ጉዳይ ተሻግሯል። በ1977 በሊድስ የሕፃናት ሐኪም የነበረው ሮይ ሜዶው፣ ልጃቸውን በሽተኛ የሚያደርጉ እናቶችን ታሪክ በዚያው በ‹‹ላንሴት›› ላይ አሳተመ። አንደኛዋ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች። እናቷ የሽንት ናሙናዋን እያበላሸች ሐኪሞችን ለተደጋጋሚ ምርመራ ዳርጋለች፤ ልጅቷ በሌለባት በሽታ ስትሠቃይ ኖራለች። ሁለተኛው ልጅ ብዙ ጨው እየተሰጠው ሞተ። እዚህ ላይ ነገሩ ይለያል። ራሱን የሚጎዳ ሰው ርኅራኄ ይገባዋል፤ ልጅ ሲጎዳ ግን መጀመሪያ የሚቀድመው የልጁ ሕይወት ነው። የሜዶው ግኝት ብዙ ሕፃናትን ለማትረፍ መንገድ ከፍቷል። ይኸው ሐኪም ግን በ1999፣ ሁለት ሕፃናት በሞቱባት እናት ላይ በቀረበ የግድያ ክስ፣ እንዲህ ያለ ሞት በአንድ ቤት ሁለት ጊዜ የመድረስ ዕድሉ ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው የሚል የተሳሳተ ስሌት መሰከረ። ሴትየዋ ተፈረደባት፤ በ2003 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነጻ አወጣት። እናትን መጠርጠር ልማድ ሲሆን ምን እንደሚከተል ብሪታንያ የተማረችው በዚህ ነው። የአገሪቱ የሕፃናት ሐኪሞች ኮሌጅም ዛሬ የባሮኑን ስም ትቶ፣ በአሳዳጊ የተፈጠረ ወይም የተቀሰቀሰ ሕመም የሚል መጠሪያ ይጠቀማል።

አሸር የሳለው ሥዕልም ሳይቀየር አልቀረም። በ2016 ግሪጎሪ ዬትስና ማርክ ፌልድማን በሕክምና ጽሑፎች የተመዘገቡ 455 በሽተኞችን ታሪክ ሰብስበው መረመሩ። ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ሴቶች ናቸው፤ አማካይ ዕድሜያቸው 34 ነው፤ ሥራቸው ከተመዘገበው መካከልም በብዛት የተገኙት በጤና ሙያ ወይም በላቦራቶሪ የሚሠሩ ነበሩ። ከተማ ለከተማ የሚዞረው፣ ከነርስ ጋር የሚጣላው ሰው የዚህ ሕመም አንዱ መልክ እንጂ ሁሉም አይደለም። ፌልድማን በ2000 እንዳሳየው ደግሞ ሕመሙ ኢንተርኔት ላይም ወጥቷል፤ ካንሰር ይዞኛል፣ ልጄ ሞተብኝ እያሉ የማያውቋቸውን ሰዎች እንባ የሚሰበስቡ አሉ።

ሕክምናው ገና ጅምር ላይ ነው። ይህን ሕመም ያድናል ተብሎ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። በ2008 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ በሽተኛውን ፊት ለፊት ይዞ ማጋለጡና በዘዴ መቅረቡ በውጤት የሚለያዩበት ማስረጃ አላገኘም። የተጋለጠ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ተነሥቶ ይሄዳል፤ የሚሄደውም ምንም ወደማያውቀው ሌላ ሐኪም ነው። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች የሚመክሩት ሌላ መንገድ ነው። በሽተኛው አንድ ሐኪም ብቻ ይኑረው፤ ሌሎች ሆስፒታሎች ያንን ሐኪም ሳያማክሩ ቢላዋ አያንሡ፤ ከአእምሮ ሐኪምም ጋር ይገናኝ። ቀጠሮውም በየተወሰነ ጊዜ የሚደርስ፣ ታመመም አልታመመም የማይቀር ይሁን፤ ሐኪሙን ለማየት መታመም እንዳያስፈልገው።